አንዱን ኩርባ ከመምረጥ በፊት ቤተሰቡን መሳል
ለፋኩልቲው መምህራን፣ ተማሪዎችና እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ ጠባብ ሊመስል ይችላል። የአንድን ቀመር ኩርባዎች በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በአንድ ግራፍ ላይ ደራርቦ መሳል በሁለተኛ ዓመት የላቦራቶሪ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ትርጉሙን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ማስተማር በተመለስሁ ሰሞን፣ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ የውኃ ፍላጎት ወደፊት ምን ያህል እንደሚያድግ እንድተምን ተጠየቅሁ። በእጄ የነበረው የጥቂት ዓመታት የፍጆታ መዝገብ ነበር። ለመዝገቡ የሚስማማ አንድ የዕድገት ኩርባ በኮምፒውተር አሰላሁ፤ ነጥቦቹ በኩርባው ላይ እንዴት እንዳረፉም በኩራት አሳየሁ። ከኩርባው ጫፍ አንድ ቁጥር አንብቤ ሪፖርቱን ፈረምሁ። የውኃ ማጠራቀሚያው የተሠራው በዚያ ቁጥር ነው። ለሃያ ዓመት ይበቃል የተባለው ማጠራቀሚያ አሥር ዓመት ሳይሞላው አነሰ። በኋላ በዚያች ከተማ ሳልፍ ከቦኖው ፊት የተሰለፉትን ቢጫ ጀሪካኖች አየሁ።

ስሌቱን ደግሜ ብፈትሸው የሒሳብ ግድፈት አላገኘሁበትም። ጥፋቱ የነበረው እኔ ባልሳልኋቸው ኩርባዎች ላይ ነው።

የኩርባ ቤተሰብ የምንለው ከአንድ ቀመር የሚወለዱትን ኩርባዎች ሁሉ ነው። ቀመሩ አንድ ሆኖ በውስጡ ያሉት ፓራሜትሮች ዋጋ ሲለወጥ አንዱ ኩርባ ቶሎ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ሦስተኛው ከፍ ብሎ ይረጋጋል። እኛ ከመረጃ ጋር አስማምተን «ውጤቱ ይህ ነው» የምንለው ኩርባ የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል ብቻ ነው። ወንድሞቹንና እኅቶቹን ሳናይ ስለ እርሱ መመስከር አይገባንም።

ለዚህ ማሳያ የሚሆን፣ ፍጻሜውም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። የቤልጅጉ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ፍራንሷ ቬርኹልስት እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1838 ሎጂስቲክ የሚባለውን የዕድገት ቀመር አቀረበ። የቀመሩ ሐሳብ በቃል ሊነገር ይችላል፦ ሕዝብ የሚያድገው ወደ አንድ ጣሪያ ነው፤ እስከ ጣሪያው የቀረው ክፍል እስካሁን ለተሞላው ክፍል ያለው ንጽጽር ደግሞ በየዓመቱ በአንድ ቋሚ መቶኛ ይቀንሳል። ፓራሜትሮቹ ሦስት ናቸው፤ ጣሪያው፣ የዕድገቱ ፍጥነትና መነሻው።

በ1920 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሬይመንድ ፐርልና ሎውል ሪድ ይህንኑ ቀመር እንደ ገና ደረሱበት፤ በአገራቸው የሕዝብ ቆጠራ ላይም ተጠቀሙበት። ሦስት ቆጠራዎችን መረጡ፤ የ1790፣ 3.93 ሚሊዮን፤ የ1850፣ 23.19 ሚሊዮን፤ የ1910፣ 91.97 ሚሊዮን። ሦስት ነጥብ ለሦስት ፓራሜትር ስለሚበቃ ኩርባው በሦስቱም ነጥቦች በትክክል ያልፋል። የወጣው ጣሪያ 197.27 ሚሊዮን ነበር።

ኩርባው መጀመሪያ ላይ የሚያስደንቅ ውጤት አሳየ። ለ1930 የሚሰጠው 122.4 ሚሊዮን ሲሆን ቆጠራው 122.8 ሚሊዮን ሆነ። በ1960 ግን ኩርባው 159 ሚሊዮን ሲል ቆጠራው 179.3 ሚሊዮን አሳየ። በ1970 የአገሪቱ ሕዝብ 203 ሚሊዮን ደርሶ ጣሪያ የተባለውን ራሱን አለፈ። በ2020 ቆጠራ 331 ሚሊዮን ሆኗል። ፐርልና ሪድ ያላዋቂዎች አልነበሩም፤ ስሌታቸውም ትክክል ነው። ጥያቄው በ1920 በእጃቸው በነበረው መረጃ ምን ማየት ይቻል ነበር የሚለው ነው።

ይህን ለመመለስ አር የተባለውን ሶፍትዌር እንጠቀም። አርን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው፤ መሠረቱም በቤል ላቦራቶሪ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ የሠሩት ኤስ የተባለ ቋንቋ ነው። ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ተማሪዎቻችን ፈቃድ ሳይገዙ ሊሠሩበት ይችላሉ።

ሥራው ሦስት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ ዓመትንና ጣሪያን ተቀብሎ የሕዝብ ብዛትን የሚመልስ ፋንክሽን እንጽፋለን። ጣሪያውን እኛ እንሰጠዋለን፤ ፍጥነቱንና መነሻውን ግን ኩርባው በ1790ና በ1910 ቆጠራዎች እንዲያልፍ አድርጎ ራሱ ያሰላቸዋል። ሁለተኛ፣ ባዶ ሠንጠረዥ እንዘረጋለን፦ አግድሙ ከ1790 እስከ 2020፣ ቁመቱ ከዜሮ እስከ 400 ሚሊዮን። ሦስተኛ፣ ጣሪያውን ከ200 ሚሊዮን ጀምረን በ25 ሚሊዮን እየጨመርን እስከ 400 ሚሊዮን በዙር እናስኬዳለን፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ መስመር ይጨመራል። ዘጠኝ ኩርባዎች እናገኛለን። የቆጠራዎቹን ነጥቦች በመጨረሻ ከላይ እናሳርፋለን።

ምን ታየ? በ1850 ላይ ከዘጠኙ ኩርባዎች ከፍተኛው 23.1 ሚሊዮን፣ ዝቅተኛው 20.6 ሚሊዮን ይሰጣል። ልዩነቱ 2.5 ሚሊዮን ነው፤ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር በሆነ ግራፍ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። በ1990 ግን ከፍተኛው 297 ሚሊዮን፣ ዝቅተኛው 182 ሚሊዮን ይሆናል። በ1850 አንድ ሚሊሜትር ገደማ የነበረው ክፍተት 115 ሚሊዮን ሰው ሆኖ ተከፈተ።

ይህን በሌላ አቅጣጫ እንመልከተው። የ1850 ቆጠራ 23.19 ሚሊዮን መሆኑ ቀርቶ 21.98 ሚሊዮን ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በ5 ከመቶ ቢያንስ፣ የሦስት ነጥቡ ስሌት ጣሪያውን ወደ 250 ሚሊዮን ያወጣው ነበር። በ8 ከመቶ ቢያንስ ደግሞ 300 ሚሊዮን ይሆን ነበር። ጣሪያው በአንድ መካከለኛ ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለፍርድ መቸኮል አይገባም። መረጃው በሁሉም ኩርባዎች እኩል አይስማማም። በ1880 ቆጠራው 50.2 ሚሊዮን ሲሆን ጣሪያው 200 ሚሊዮን የሆነው ኩርባ 50.0፣ ጣሪያው 400 ሚሊዮን የሆነው 45.2 ይሰጣል። ወደ ኋላ ሲታይ ዝቅተኛው ጣሪያ ይበልጥ ይስማማል። ነገር ግን ለ1990፣ ቆጠራው 248.7 ሚሊዮን በሆነበት ዓመት፣ የፐርልና የሪድ ኩርባ 180 ሚሊዮን ሲሰጥ ጣሪያው 300 ሚሊዮን የሆነው 246 ሚሊዮን ይሰጣል። ባለፈው ዘመን ይበልጥ የገጠመው በሚመጣው ዘመን ይበልጥ ሳተ። «እንግዲያው ትክክለኛው ጣሪያ 300 ነበር» የሚል ካለ ደግሞ እርሱም ተሳስቷል፤ ያው ኩርባ ለ2020 የሚሰጠው 275 ሚሊዮን ሲሆን ቆጠራው 331 ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ሥዕል የተደበቀውን እውነተኛ ኩርባ አያወጣልንም። መረጃው ስለ የትኛው ጥያቄ እንደሚናገርና ስለ የትኛው ዝም እንደሚል ግን ያሳየናል። እስከ 1910 የነበሩት ቆጠራዎች ስለ ቀጣዮቹ ጥቂት ዓሥርት ዓመታት ብዙ ተናግረዋል፤ ስለ ጣሪያው ያሉት ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

አሁን ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ዋና ነጥብ አለ። ቤተሰቡን በምንስልበት ጊዜ አንዱን ፓራሜትር እየለወጥን ሌሎቹን ባሉበት ብንተዋቸው ሥዕሉ ያታልለናል። በምሳሌያችን የፐርልና የሪድን ፍጥነትና መነሻ ሳንነካ ጣሪያውን ብቻ ወደ 300 ብናነሳ፣ የሎጂስቲክ ቀመር እያንዳንዱን ዋጋ ከጣሪያው ጋር ስለሚያበዛው፣ ኩርባው በየዓመቱ ከግማሽ በላይ ከፍ ይላል፤ ከነጥቦቹም ፈጽሞ ይርቃል። ተመልካቹም «እነሆ፣ ከ197 ሌላ ጣሪያ አይሆንም» ብሎ ይረካል። ይህ የውሸት እርግጠኝነት ነው። ትክክለኛው መንገድ ጣሪያው በተለወጠ ቁጥር ሌሎቹ ፓራሜትሮች ከመረጃው ጋር እንደ ገና እንዲስማሙ መፍቀድ ነው። ጣሪያው ሲነሳ ፍጥነቱ ቀነስ ይላል፤ የአንዱን ለውጥ ሌላው ያካክሰዋል። እኔም በዚያች ከተማ ሪፖርት ውስጥ «የስሜት ትንተና» የሚል አንድ አንቀጽ ነበረኝ። የሠራሁት ግን ይህንኑ ስሕተት ነበር።

ስለ አሣሣሉ ጥቂት ተግባራዊ ማሳሰቢያዎች ልጨምር። በአር ውስጥ ከርቭ የተባለው ትእዛዝ ለብቻው በተጠራ ቁጥር አዲስ ግራፍ ስለሚከፍት የቀደመው ኩርባ ይጠፋል፤ «ጨምርበት» የሚለውን አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል። የግራፉ ወሰን የሚወሰነውም በመጀመሪያው ኩርባ ነው፤ ዝቅተኛውን አስቀድመን ከሳልን ከፍተኞቹ ከላይ ተቆርጠው ይቀራሉ። ባዶ ሠንጠረዥ አስቀድመን የዘረጋነው ለዚህ ነው። ይኸው ትእዛዝ ካልነገርነው በቀር ኩርባውን በ101 ነጥቦች ብቻ ይስላል፤ ለሎጂስቲክ ይበቃል፤ ቶሎ ቶሎ ለሚወዛወዝ ኩርባ ግን ሌላ ቅርጽ ሊያሳየን ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የባሰው ድምፅ ሳያሰማ የሚያስተው ነው። ብዙ ፋንክሽኖችን በዙር ውስጥ ሠርተን በዝርዝር ካስቀመጥን በኋላ ብንስላቸው ዘጠኙም አንድ ላይ ተደራርበው እንደ አንድ መስመር ሊታዩ ይችላሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ፋንክሽን የጣሪያውን ዋጋ የሚፈልገው በተሠራበት ጊዜ ሳይሆን በተጠራበት ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዙሩ አልቆ የቀረው የመጨረሻው ዋጋ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ጣሪያውን እኛ እንዳደረግነው እንደ ግብአት ለፋንክሽኑ በቀጥታ መስጠት ይሻላል። ቀለምን በተመለከተ፣ ጣሪያው ቅደም ተከተል ያለው ቁጥር ስለሆነ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ የሚሄድ የአንድ ቀለም ተዋረድ ይበቃል፤ የቀስተ ደመና ቀለማት ዓይንን ይስባሉ እንጂ ቅደም ተከተሉን አያሳዩም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን የተካሄዱት ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ሦስት ናቸው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ፓራሜትር! ፈተናው እንደ ፐርልና ሪድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። በመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ ኤርትራ የኢትዮጵያ አካል ነበረች፤ በጸጥታ ምክንያት ቆጣሪዎች ያልደረሱባቸው አካባቢዎችም ነበሩና ቁጥራቸው በግምት ተሞላ። አንድ ነጥብ በ5 ከመቶ ሲለወጥ ጣሪያው ምን እንደሚሆን አሁን አይተናል። በሦስቱ ነጥቦች ላይ የሚያልፍ ለስላሳ ኩርባ ሥሎ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስንት ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልግ በአንድ ቁጥር የሚናገር ጽሑፍ በእጃችሁ ቢገባ፣ ደራሲውን የምትጠይቁት ጥያቄ እንግዲህ ታውቃላችሁ።

ለተማሪዎቼ የምለው ይህ ነው። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንድ የተስማማ ኩርባ ካለ፣ ከእርሱ ቀጥሎ መረጃው ሊሸከማቸው የሚችላቸው ጎረቤቶቹ የሚታዩበት አንድ ሥዕል ይኑር። ሃያ መስመር የማይሞላ ፕሮግራም ነው። ለባልደረቦቼ ደግሞ፣ በመከላከያ ቀን ተማሪን ስንፈትን ኩርባው ምን ያህል እንደገጠመ ብቻ ሳይሆን ሌላ የሚገጥም እንዳለ እንጠይቅ። ተማሪ «ከዚህ ዓመት በኋላ መረጃዬ አይናገርም» ብሎ ቢመልስ ነጥብ ልንጨምርለት ይገባል እንጂ ልንቀንስበት አይገባም።

የዚያችን ከተማ መዝገብ አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቡን ዛሬ ባሳየኋችሁ መንገድ ሣልሁት። በመዝገቡ ዓመታት ላይ ኩርባዎቹ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ ማጠራቀሚያው በተሠራ በአምስተኛው ዓመት ላይ እንደ ጣት ይለያያሉ። ያንን ሥዕል ለከተማዋ ሰዎች አቅርቤላቸው ቢሆን ኖሮ የትኛውን እንደሚመርጡ አላውቅም፤ ምናልባት ማጠራቀሚያውን በየደረጃው እየጨመሩ ለመሥራት ይወስኑ ነበር። ምርጫው ግን የእነርሱ ይሆን ነበር። እኔ አንድ መስመር ብቻ በመሣል ሳያውቁት መረጥሁላቸው።