ጨረር የሚያግድ የመስታወት ልባስ

በመስኮት አጠገብ የሰነበተ የመዝገብ ሽፋን መልኩ እንደሚገረጣ፤ መጋረጃም በእጥፋቱ ውስጥ ቀለሙን ጠብቆ በተገለጠው በኩል እንደሚነጣ ያላየ የቢሮ ሰው አይገኝም። ዝናብና ነፋስ የሚያግደው መስታወት ይህን ጉዳት ማገድ ለምን ተሳነው?

ከጉዳቱ አድራሾች ብርቱው፤ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ነው። ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በዬና ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ዓ.ም. ያገኘው፤ ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፤ ብርሃን በማይታይበት ስፍራ፤ የብር ክሎራይድ ፈጥኖ ሲጠቁር ተመልክቶ ነው። ተራ መስታወት የዚህን ጨረር አጭር ሞገድ ያስቀራል፤ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ግን አብዛኛውን ያሳልፋል። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል።

አንደኛው መፍትሔ በመስታወቱ ላይ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ልባስ ማብቀል ነው። ማብቀል ማለታችን ለቃል ማሳመሪያ አይደለም። በመጀመሪያ የኦክሳይዱ ደቃቅ ቅንጣቶች በመስታወቱ ላይ እንደ ዘር ይቀባሉ። ቀጥሎ መስታወቱ ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን በሟሟበት ውሃ ውስጥ ተነክሮ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ሄክሳሚኑ በሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲፈታ አሞንያ ይወጣዋል፤ ያን ጊዜ ዚንኩ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ከዘሩ ላይ እንደ ቡቃያ ይነሣል። ሥራው ችኮላ አይወድም፤ ከፈጠነ ኦክሳይዱ መስታወቱን ትቶ እንደ ነጭ ዱቄት በውሃው ውስጥ ይዘቅጣል። ቡቃያዎቹ ገዝፈው ተራርቀው ከበቀሉም መስታወቱ እንደ ወተት ይደበዝዛል፤ እንዲህ ያለው መስኮት ለማንም አይረባም።

ልባሱ በደንብ ከተያያዘ ከ375 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ጨረር ይውጣል። የዚያ ጨረር ጉልበት በኦክሳይዱ ውስጥ የታሰሩትን ኤሌክትሮኖች ለማስለቀቅ ይበቃልና። የሚታየው ብርሃን ግን ይህ ጉልበት ስለሌለው ያልፋል።

ኦክሳይድን ከፈሳሽ በመስታወት ላይ ማልበስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጌፍከንና በርገር የተባሉ የሾት ፋብሪካ ሰዎች በዚያችው በዬና በ1939 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ጠይቀውበታል፤ የእነርሱ ዓላማ ግን የመስታወትን ነጸብራቅ መለወጥ ነበር።

የሚታየውም ብርሃን በመጠኑ ቀለም ስለሚያገረጣ፤ ልባስ ያለው መስኮት ለመዝገብ ቤት መጋረጃን አያስቀርም። ዚንክ ኦክሳይድ በአሲድ ስለሚበላ ደግሞ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የሚወለወል መስኮት ልባሱን ያጣል። ስለዚህ ልባሱን በሁለት መስታወት መካከል፤ እጅ በማይደርስበት ገጽ ላይ ማድረግ ይሻላል።