የባትሪ ድንጋይ፦ መጠኑ፣ ቅመሙና ዋጋው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልሁ ጊዜ፣ ቦንጋ አጠገብ በእርሻ ለሚተዳደሩት አባቴ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ገዝቼ ላክሁላቸው። ያረጀው ራዲዮናቸው የሚሠራው በአራት ትልልቅ ድንጋይ ነበር፤ አዲሱ ግን በአራት ትንንሽ። በወሩ ልጠይቃቸው ብሄድ ራዲዮው ጸጥ ብሏል፤ ድንጋዮቹም ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አባቴም «ልጄ፣ ራዲዮውስ ሸጋ ነው፤ ቀለቡ ግን በዛብኝ» አሉኝ።

መሐንዲሱ ልጅ ያላሰላውን ገበሬው አባት አስልተውታል። ድንጋዩ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ አዲስ ሳለ የሚሰጠው 1.5 ቮልት ያህል ነው፤ ቮልቱን የሚወስነው ቅመሙ እንጂ መጠኑ አይደለምና። መጠኑ የሚወስነው የአገልግሎቱን ዘመን ነው። በተለመደው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ፣ ትልቁ 6 አምፔር-ሰዓት ያህል ሲይዝ፣ ትንሹ 1 አምፔር-ሰዓት ቢይዝ ነው። እንግዲህ 50 ሚሊአምፔር የሚወስድ ራዲዮ በቀን 3 ሰዓት ቢከፈት፣ በትልቁ 40 ቀን ያህል ሲያገለግል በትንሹ ሳምንት አይሞላም። ፀሐይ ማሞቁም የደከመውን ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል እንጂ አይሞላውም።

ስለ ቅመሙስ ምን እንበል? አልካላይን የተባለው ድንጋይ ከተራው ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይይዛል። ይሁን እንጂ ብልጫው ጎልቶ የሚታየው ብዙ ኤሌክትሪክ በሚስብ ዕቃ ላይ ነው። በሌሊት ጫካ ገብቶ ከቀፎ ማር የሚያወርደው ሰው ባለ አምፑል ባትሪ ቢይዝ፣ ተራው ድንጋይ ያለውን ሁሉ ሳይሰጠው ይደክምበታል። ስለዚህ አልካላይኑ በሦስት እጥፍ ዋጋ ቢሸጥ፣ ለባትሪው ትርፍ ሲሆን ለራዲዮው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። መብራት ወይም የፀሐይ ኃይል በደረሰበት ቤት ደግሞ፣ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ተመልሶ የሚሞላው የኒኬል ድንጋይ፣ ቮልቱ 1.2 ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ ከሁሉም ይረክሳል።

ሌላም ዕዳ አለ። የተራው ድንጋይ ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ በመሆኑ፣ እየተበላ ሄዶ ይቀደዳል፤ ውስጡ ያለውም ይፈስሳል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። ያለቀ ድንጋይ ከቡናው ሥር መጣል ግን መዝገብ አይከለክለውም፤ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የድንጋይን ዋጋ በፍሬ ሳይሆን በሚያገለግልበት ሰዓት እናስላ፤ ለሕዝቡም እንዲሁ እናስረዳ። እኔ የአባቴን አሮጌ ራዲዮ አስጠግኜ መልሼላቸዋለሁ።