ኅዳር ሲታጠን ጎረቤትም ይታሰብ

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የመዋጮ ነገር ለማንሣት አይደለም። ወሩ ኅዳር ነውና፣ በዚህ ሰሞን ስለሚውሉት በዓላትና ስለ ጉርብትናችን ጥቂት ለመነጋገር ነው።

አባቶቻችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት መጸው ይሉታል። ዝናቡ አባርቶ እህል የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። መጸው ሊገባ ሲል፣ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ፣ የኦሮሞ ሕዝብ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋናውን ያቀርባል፤ ኢሬቻ ነው። ኅዳር 12 ሚካኤል ይነግሣል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ኅዳር 21 ጽዮን ነው። ለጽዮን በዓል አክሱም መሄድ ያልቻለ ሰው ቅርባችን ያለውን የዝዋይን ሐይቅ ያስብ፤ በቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን አለች። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ እንደቆየች የዛይ ሕዝብ ከአባቶቹ ሲሰማ የኖረው ትውፊት ይናገራል። በታኅሣሥ 19 ደግሞ ራስ መኰንን ወዳሠሩት ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በከተማችን አቋርጦ ሲያልፍ እናያለን።

በጎንደር አገር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ስግድን የሚያከብሩት በዚሁ ሰሞን ነው። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም አልተዉትም፤ እንዲያውም በ2000 ዓ.ም በዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል።

የሙስሊሙ ወገናችን በዓላት ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደሙ ወራቱን ሁሉ ይዞራሉ። ዙሩም 33 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በ1996 ዓ.ም ረመዳን ሲወጣ ጾመ ነቢያት ይገባ ነበር። አንዱ ጎረቤት ሲያፈጥር ሌላው ጾም ይይዝ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው ለምንድን ነው? በ1911 ዓ.ም ኅዳር ወር፣ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን ብዙ ሰው ፈጀ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ከባድ ዘመን ነበር። በሽታው ከተበላሸ አየር የሚመጣ መስሎ ስለታየ ሰፈሩ ተጠረገ፣ ቆሻሻው ተቃጠለ፣ ቤቱ ታጠነ። ልማዱም «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እስከዛሬ ቆየ።

ያኔ የሚቃጠለው ቅጠል፣ ገለባና ጭራሮ ነበር። ዛሬስ? ፌስታል፣ የውኃ ላስቲክ፣ አሮጌ ጫማ፣ ጎማ! የእነዚህ ጭስ በሽታ አያባርርም፤ ይልቁንም ራሱ በሽታ ነው።

አምና የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጧት፣ የአንድ ሙስሊም ጎረቤታችን የሐዘን ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከየደጃፉ የተነሣው ጭስ ድንኳኑን ሞላው። አስም ያለባቸው አንዲት እናት በሰው ተደግፈው ወጡ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ግን ማናችንም አላሰብንበትም። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከከተማችን ዳር ያሉትን የኤሌክትሪክ ማማዎች የሚያሽከረክር ነፋስ፣ ጭስን በአጥር አይወስንም።

ስለዚህ በዓሉ ይቅር አላልንም። መጥረጉ ይቅደም እንላለን። በዋዜማው፣ ኅዳር 11፣ ሁላችንም መጥረጊያና አካፋ ይዘን እንውጣ፤ ቦዩን እንጥረግ። ላስቲክና ጎማ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ፤ ቅጠሉ ጉድጓድ ገብቶ ለአፈር ይሁን። ቤቱን ማጠን የሚሻ በዕጣኑና በከርቤው ይጠን። ለቅሶ ወይም ሕመምተኛ ባለበት አካባቢ ግን ከጭሱ በፊት ጎረቤት ይጠየቅ።

አንድ ነገር እንጨምርና እናብቃ። ሥጋ ሲሆን ሙስሊሙ የራሱን፣ ክርስቲያኑም የራሱን ነው የሚበላው፤ ድስቱም ይለያያል። በጾመ ነቢያት ለቅሶ ሲደርስ ግን ምስሩና ሽሮው የሁላችንም ነው፤ ከአንድ ትሪ እንቀርባለን። ድንኳኑም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስንተክለው «የማን ሃይማኖት ነው?» ብለን አናውቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ይኸው ነው። ለሐዘን የምንሰበሰበውን ያህል ለጽዳትም እንሰብሰብ።

ኅዳር 11 ከጧቱ በ1 ሰዓት ድንኳናችን ከሚቀመጥበት መጋዘን ደጃፍ እንገናኝ። የቀረ ሰው አይቀጣም፤ ግን ይናፈቃል።

በዓሉን የሰላምና የጤና ያድርግልን።