ወንዝ የሞላበት እንግዳ

በክረምት ጊዜ ስለሚደረግ የመንገድ ጥንቃቄ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



ክረምት ለኢትዮጵያ ገበሬ የእህሉ ተስፋ ነው፤ ለመንገደኛ ግን የፈተና ወራት ነው። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ፥ በበጋ ሕፃን የሚሻገረው ጅረት ሞልቶ ጎልማሳውን ከነበቅሎው ይወስዳል። ሰው በወንዝ መሞቱ በተሰማ ጊዜ የአገሩ ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» እያለ ይጽናናል። ነገር ግን ብዙው ሞት በጥቂት ሰዓት ትዕግሥት ሊቀር የሚችል ነው። ስለዚህ ስለ ጎርፍ በሚነገርበት ጊዜ የውሃውን ብርታት ብቻ ሳይሆን፥ ሰውን ወደ ውሃው የሚያገባውን ምክንያት መመርመር ይገባል።

መጀመሪያ ሰውን የሚያታልለው መንገዱን ማወቁ ነው። «ይህን መልካ ከልጅነቴ ጀምሬ ተሻግሬዋለሁ» ይላል። ዳሩ ግን በበጋ ያወቀው መልካ በክረምት ያው አይደለም። ጎርፍ የወንዙን ወለል ይቆፍራል፤ ትናንት እስከ ጉልበት የነበረውን ስፍራ ዛሬ ከራስ በላይ ያደርገዋል፤ ውሃውም ድፍርስ ስለ ሆነ ጉድጓዱ አይታይም። ደግሞም ጎርፍ ከሩቅ ይመጣል። በቆላ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋ የዘነበው ዝናም በድንገት ይደርሳል።

ለዚህ ነገር የድሬዳዋ ከተማ ምስክር ናት። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በከተማዪቱ መካከል፥ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ማህል ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው እንደ መንገድ ይመላለስበታል፤ ይገበያይበትማል። በ1998 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር መጨረሻ ግን በሐረርጌ ደጋ ብርቱ ዝናም ዘነበ፤ ጎርፉም በሌሊት፥ ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ከተማዪቱን ደረሰባት። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ቤቱን አጣ። እንግዲህ ደረቅ ወንዝ መንገድ ቢመስልም ወንዝነቱን የተወ አይደለም።

ሁለተኛ የሚያታልለው ውሃው ጥልቅ መስሎ አለመታየቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ይመዝናል። የውሃው ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እየፈጠነ የሚወርድ ውሃ ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነም አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ጎርፍ በጥርጊያ መንገድ ላይ ሲያልፍም የመንገዱን ሥር ይቦረቡረዋልና፥ ከላይ ደኅና የሚመስለው መሬት ከበታቹ ባዶ ሊሆን ይችላል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረትም እዚህ ላይ እንደ ቃሉ እውነት ነው። ዋና የሚያውቅ ሰው እንኳ ጎርፉ ይዞት በሚወርደው ግንድና ድንጋይ ይመታል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለተማሪውም ለመንደሩም ማስተማር ይገባል።

አንደኛ፥ ጥሩ የነበረው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፥ ቅጠልና ገለባም ይዞ ከመጣ፥ ወይም ከላይ በኩል የመጓጓት ድምፅ ከተሰማ፥ በወንዙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከብቱንና ዕቃውን ሳይመለከት ወደ ከፍታ ይውጣ።

ሁለተኛ፥ ወለሉ የማይታይ ወራጅ ውሃ በእግርም፥ በበቅሎም፥ በመኪናም አይገባበት። ተሳፋሪዎችም የቆመውን ነጂ «እለፍ» እያሉ አያስቸኩሉት። በሌሊት አደጋው የባሰ ነው።

ሦስተኛ፥ ደረቅ በሆነ ወንዝ ውስጥ ማደርና ከብት ማሳደር አይገባም።

አራተኛ፥ ውሃ የወሰደውን ሰው ለማዳን ተከትሎ መዝለል ሁለት ሬሳ ያመጣል። ከዳር ሆኖ ረጅም እንጨት ማቀበል፥ ገመድ ወይም አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን መወርወር ይሻላል። የተወሰደውም ሰው ሸክሙን ይጣል፤ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ውሃው መውረጃ ያስቀድምና ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይጠጋ።

ይህን ሁሉ እያወቀ የሚገባ ሰው ግን ብዙ ነው። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ፈሪ እንዳይባል፥ ወይም ቀርቶ እንዳይቀጣ ስለሚፈራ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ወንዞች ገና ሞልተው ሳሉ፥ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በወንዝ ዳር የቆመ ልጅ ሁለት ፍርሃት አለበት፤ አንዱ የውሃው ነው፥ ሁለተኛው የመምህሩ ነው። የመምህሩ ፍርሃት የበለጠበት እንደ ሆነ ልጁ ወደ ውሃው ይገባል። እንግዲህ መምህር አስቀድሞ «ወንዝ ሞልቶ የቀረ ተማሪ አይቀጣም» ብሎ በክፍሉ ፊት ይናገር፤ ከወንዝ ማዶ የሚመጡትንም ልጆች ስም ለይቶ ይወቅ፤ ደመና በከበደ ቀን ቀደም ብሎ ያሰናብታቸው፤ ወንዙ ሞልቶ ከቆየም ወዲህ ማዶ ማን ዘንድ እንደሚያድሩ ከወላጆቻቸው ጋር ይነጋገር።

የሽማግሌዎችም ድርሻ ከዚህ አያንስም። በኢትዮጵያ ልማድ የመሸበትን እንግዳ ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ወንዝ የሞላበትም እንግዳ እንደዚሁ ሊቆጠር ይገባዋል። በመልካው አጠገብ የሚኖር ሰው መንገደኛውን «ተሻገር፥ አይዞህ» ከማለት ይልቅ «እደር፥ ነገ ይጎድላል» ቢለው ነፍስ አዳነ። ሽማግሌም በጉባኤ ላይ፥ በወንዝ ዳር የታገሠ ሰው አስተዋይ እንጂ ፈሪ እንዳይደለ ቢመሰክር፥ ጎልማሳው መመለስን እንደ ውርደት አይቆጥረውም።

ከደጋ የወረደ ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ ዝናሙ ካባራ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የሰው ነፍስ ግን አንድ ጊዜ ከሄደች አትመለስም። ስለዚህ በዚህ ክረምት በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ የመጠበቅ ክብር ይነገር፤ ለሚጠብቀውም መንገደኛ ቤት ይከፈትለት።