ክብደት ለመቀነስ የሚረዱ ርካሽ ምግቦቻችን
(የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ተማሪዎች በምሥረታው በዓል ዕለት ያሰሙት ንግግር)



ርእሳችን አንዳንዱን ሰው ሊያስገርመው ይችላል። «እህል በተወደደበት ጊዜ ክብደት ስለ መቀነስ ማውራት ምን የሚሉት ነገር ነው?» የሚሉን አይታጡም። እኛም የሚበላው ያጣ ሰው መኖሩን አልዘነጋንም። ነገር ግን ባንድ ክፍል ውስጥ ስንቁ ያለቀበት ተማሪና ክብደቱ ያስጨነቀው ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ሁለተኛው ቢሆንም፣ መፍትሔውን ያገኘነው ከመጀመሪያው ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍል ጓደኛችን «መቅጠን አለብኝ» ብላ ቁርሷን ተወች። ቀጥላም ምሳዋን ባንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ለወጠችው። አንድ ቀን ጧት፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈን ሳለን ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ደግፈን ወደ ክፍል አስገባናት። ነፍሷን ካወቀች በኋላ የሚቀመስ ነገር ብንፈልግ፣ የተገኘው ከአንድ ልጅ ዘንድ ብቻ ነበር። እርሱም ከአንኮበር በኩል መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ጓደኛችን ነው። ከከረጢቱ በሶ አውጥቶ በውሃ በጠበጠና ሰጣት። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያ ከረጢት ብዙዎቻችን ስንስቅበት ኖረናል። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የክበባችን አባላት የጤና ባለሙያዎችን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። የተረዳነውን በአጭሩ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ክብደት መቀነስ ያለበት ማን ነው? ይህን መስተዋት አይነግረንም፤ የጓደኛ ቀልድም አይነግረንም። በእኛ ዕድሜ አጥንት ይረዝማል፣ ደም ይጨምራል፣ ሰውነት ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ክብደታችን መመዘን ያለበት ከቁመታችንና ከዕድሜያችን ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ይህንንም የጤና ጣቢያ ባለሙያ ይሠራዋል። ወፍራም ነኝ ብሎ ከሚጨነቀው መካከል ምንም ትርፍ ክብደት የሌለበት አለ። ትርፍ ያለበትም ቢሆን፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ቢያደርግ ቁመቱ ሲጨምር የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁርስ መተው መፍትሔ አይደለም። ቁርሱን የተወ ተማሪ በእረፍት ሰዓት በረሃብ ተቃጥሎ ቦምቦሊኖና ብስኩት ይገዛል። ይህም ገንዘቡን ይጨርሳል፤ በዘይትና በስኳርም ያተረፈውን ሁሉ መልሶ ይወስድበታል።

ታዲያ የሚቀነሰው ምንድን ነው? ዋናዎቹ ስኳርና ዘይት ናቸው። ከተማችን ብርድ ስለ ሆነች ሻይ እንወዳለን። በአንድ ብርጭቆ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው በቀን 3 ብርጭቆ ቢጠጣ፣ 12 ማንኪያ፣ ማለት ወደ 48 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው፣ የተጨመረው ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። እንግዲህ ያ ሰው ሌላ ምንም ጣፋጭ ሳይቀምስ ልኩን በሻይ ብቻ ሊሞላው ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨምርበት ደግሞ 30 ግራም ያህል ስኳር ይጨምራል። ዘይትም እንደዚሁ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 90 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ያው ድንች በዘይት ተጠብሶ 100 ግራም ቢመዘን ግን ወደ 300 ይደርሳል። ድንቹ አልበደለም፤ የበደለው መጥበሻው ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ከረጢት እንመለስ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚታየው ማሳ በአብዛኛው ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ስንዴና ምስር ነው። ከአንኮበር ተዳፋት በታች ደግሞ ቆላው ይጀምራል። በሰሜን ሸዋ ቆላ በሸዋ ሮቢት በኩል ማሾ በብዛት ይመረታል። እንግዲህ ደጋውና ቆላው ተባብረው የሰጡን ምግብ በደጃችን ሳለ፣ በውድ ዋጋ የተሸጠ እሽግ ምን ያደርግልናል?

ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል ቃጫ መሰል ነገር አለው። ይህም በሆድ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወፍሮ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቶሎ አያስርብም። ከውጭ መጥቶ በውድ የሚሸጠው የታሸገ አጃ የሚመሰገነው በዚሁ ነገር ነው። የእኛ ቅንጬ፣ በሶና የገብስ እንጀራ ከዚያ አያንሱም። ነገር ግን በሶው በቅቤና በስኳር ከታሸ፣ ቅንጬውም በቅቤ ከራሰ፣ ጥቅሙ ይቀራል።

ባቄላ፣ አተርና ምስር ርካሽ ሥጋ ናቸው ብንል አላጋነንም። ከደረቅ ባቄላ ክብደት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ይህም ክብደት የሚቀንስ ሰው ጡንቻው እንዳይመነምን ይረዳዋል። ቆሎ መልካም ቢሆንም ደረቅ ስለ ሆነ ሳይታወቅ ይበዛል፤ አንድ እፍኝ ይበቃል። ንፍሮ ግን ውሃ ስለ ጠጣ ሆድን ቶሎ ይሞላል። ሽሮም በአንድ ማንኪያ ዘይት ተሠርቶ፣ ጎመንና ካሮት በብዛት ቢጨመርበት፣ ሙሉ ምሳ ነው።

ስለ አሬራም እንናገር። በሌላ አገር ስቡ የወጣለት ወተት በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እናቶቻችን ግን ቅቤውን ንጠው ካወጡ በኋላ የሚቀረው አሬራ ያው ስቡ የወጣለት ወተት ነው። ወተቱ ከመርጋቱ በፊት የፈላ መሆኑን ብቻ እናረጋግጥ፤ ካልፈላ ወተት የሚተላለፍ በሽታ አለና።

ለምሳሌ ያህል፣ ቤት የተከራየ ተማሪ ቀኑን እንዲህ ሊያሳልፍ ይችላል። ጧት ቅንጬ ወይም በውሃ የተበጠበጠ በሶ፤ በእረፍት አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ፤ ለምሳ እንጀራ በሽሮና በጎመን፤ ለራት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ወይም የምስር ወጥ ከእንጀራ ጋር፤ ሲገኝ ደግሞ እንቁላል ወይም አሬራ፣ እንዲሁም ከቆላ የመጣ ፍራፍሬ። መጠጡም በብዛት ንጹሕ ውሃ ይሁን። በዚህ ላይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ወይም መጫወት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የምግብ መመሪያ የሚያሳስበውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ምግብን ማፈራረቅ፣ ጥራጥሬና አትክልት ማዘውተር፣ ስኳርን፣ ዘይትንና ጨውን መመጠን ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ሳንናገር አናልፍም። አንደኛ፣ ጓያ ርካሽ ነው ተብሎ የዘወትር ዋና ምግብ አይደረግ፤ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያመጣል። ሁለተኛ፣ ያከሳል እየተባለ የሚሸጥ ክኒንና ሻይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። ሦስተኛ፣ ጾም ለነፍስ እንጂ ለወገብ አልታዘዘም፤ ቀኑን ጾሞ ማታ በሳምቡሳ መፍታት አያከሳም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ለልጆቻችሁ ስንቅ ስትልኩ በድህነት አትፈሩ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት አባቶቻችን ስንቅም በሶና ቆሎ ነበር። ክቡራን መምህራን፤ በትምህርት ቤታችን በር ከቦምቦሊኖው ጎን ንፍሮና ቅቅል ድንች የሚሸጥበት መንገድ እንዲፈለግልን በትሕትና እንለምናለን። ውድ ጓደኞቻችን፤ በወፍራሙም በባለ ከረጢቱም መሳቅ ይብቃን። ያችን ልጅ ቁርሷን ያስተዋት ረሃብ አይደለም፤ የእኛ ሳቅ ነው።

እርሷ ዛሬ ጤነኛ ናት፤ ከፊታችሁ ከቆምነው መካከልም አለች። ይህን ንግግር ከእኛ ጋር ጽፋለች፤ ታሪኳ እንዲነገርም የፈቀደችው ራሷ ናት። ባለ በሶው ጓደኛችንም አጠገቧ ቆሟል።