ወንዝ የሌላት ከተማ



ስለ ማያ ሕዝብ ጥንታዊ ከተሞች በተወሳ ቁጥር የሚነገረው ከጫካው በላይ አናታቸውን ብቅ ስላደረጉት ቤተ መቅደሶች ነው። እኔ ግን ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት በይበልጥ ስለ ኩሬ ልናገር ነው። የምናገርላት ከተማ በሰሜን ጓቲማላ፣ ፔቴን በሚባለው ቆላማ ምድር የምትገኘው ቲካል ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ወደ ቲካል የሚዘልቅ ጎብኚን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ደኑ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ የተቋቋመው በ1955 ሲሆን ስፋቱ 576 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንገዱ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል። ከላይ የሚያጓራው ዝንጀሮ ድምፁ እጅግ አስፈሪ በመሆኑ፣ እንግዳ ሰው አውሬ መጣብኝ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በግራና በቀኝ ጉብታ መስለው የሚታዩትም ብዙዎቹ አፈርና ሥር የለበሱ ሕንፃዎች ናቸው። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ከ1956 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆፍርና ሲጠግን ቢቆይም፣ አብዛኛው እንደ ተቀበረ ቀርቷል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ መልካም ሆኗል፤ የኖራ ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተገለጠ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁ ይበሉታልና።

በዋናው አደባባይ ምሥራቃዊ ጠርዝ 47 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አንደኛው ቤተ መቅደስ ቆሟል። በሥሩ የተቀበረው ከ682 ጀምሮ የነገሠው ጃሳው ቻን ካዊል ነው። በዚህኛው ላይ መውጣት ዛሬ ክልክል ነው። 65 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በአራተኛው ላይ ግን በእንጨት በተሠራ ደረጃ ይወጣል። ከዚያ ሆኖ ዙሪያውን የሚቃኝ መሐንዲስ አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ደን እንጂ ወንዝም ሐይቅም አይታይም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ምን ይጠጣ ነበር? ምድሩ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ የዘነበው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በበጋ ደግሞ ለወራት ዝናቡ እጅግ ይሳሳል።

መልሱ የሚገኘው ጎብኚው በሚረግጠው መሬት ላይ ነው። አደባባዮቹ በኖራ የተለሰኑና በጥቂቱ ያዘነበሉ ነበሩ። ለሥነ ሥርዓት መሰብሰቢያ የሆነው ወለል በክረምት የዝናብ መቀበያ ይሆናል፤ ጎርፉም ቁልቁል ወርዶ በሸለቆዎቹ ውስጥ በተገደቡት ኩሬዎች ይጠራቀማል። ከቤተ መንግሥቱ ሥር ያለው ኩሬ ግድብ 80 ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ ነበረው፣ 75 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ለመያዝም ይችል እንደ ነበር በ2012 የታተመ ጥናት ገልጿል። የተሠራው ከድንጋይ፣ ከኮረትና ከአፈር ነው። የብረት መሣሪያ፣ የጭነት ከብትም ሆነ የሚሽከረከር ጋሪ ሳይኖር መሠራቱን የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ልብ ይለዋል።

ነገር ግን ያው ተዳፋት ያመጣው ውሃ ብቻ አልነበረም። በ2020 የታተመ የደለል ምርመራ እንዳሳየው፣ በከተማይቱ እምብርት በሚገኙት የቤተ መንግሥቱና የቤተ መቅደሱ ኩሬዎች ውስጥ ከፍተኛ የሜርኩሪ መጠንና መርዛማ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የነበረ መሆኑን የሚመሰክር ቅሪት ተገኝቷል። የሜርኩሪው ምንጭ ሲናባር የሚባለው ቀይ ማዕድን ሳይሆን አይቀርም። ሕንፃዎቹን ያስጌጡበትና በነገሥታት መቃብር የነሰነሱት ቀለም ነው፤ ዝናቡ አጥቦ ወደሚጠጡት ውሃ አወረደው። የማእድ ቤት ጥራጊውም ተከትሎት ወርዶ ለአልጌው ምግብ ሆነ። እንግዲህ ከሁሉ የከፋው ውሃ የተገኘው ከንጉሡ ደጅ ነው።

ከመካከሉ ራቅ ያለው፣ ኮርየንታል የተባለው ኩሬ ታሪኩ ሌላ ነው። በዚያ የኳርትዝ አሸዋና ዚዮላይት የተባለ፣ ረቂቅ ተሕዋስያንንና መርዛማ ብረቶችን የሚይዝ ማዕድን ተገኝቷል። ማዕድኑ በአቅራቢያው የሌለ በመሆኑ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ስፍራ ሰዎች ተሸክመው አምጥተው ለማጣሪያነት እንደ ተጠቀሙበት ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ። ማጣራትን የሚያውቅ ሕዝብ የመካከሉን ኩሬ ለምን እንዲያ ተወው? ምናልባት ከአደባባዩ የሚወርደው ጎርፍ ለማጣሪያ ከሚቻለው በላይ ሆኖ ይሆናል፤ ይህ የራሴ ግምት ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ድርቁ ሲበረታ ግን እነዚያ ኩሬዎች እጅግ በሚፈለጉበት ሰዓት ለመጠጥ የማይሆኑ ነበሩ። በከተማይቱ ከቆሙት ሐውልቶች ዓመት የተጻፈበት የመጨረሻው የ869 ነው። ለመፍረሷ ውሃው ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ጦርነትም የሥልጣን ሽኩቻም ነበረ።

ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር፣ ከቤተ መቅደሱ ከወረደ በኋላ በቤተ መንግሥቱ በስተ ደቡብ ያለውን ገደል ተጠግቶ ይመልከት። ዛፍ የበቀለበት ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጥቂት ይታገሥና ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ይከታተል።