ዛፍ መግረዝና አናት መቁረጥ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ለስብሰባ ወይም ለባንክ ጉዳይ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የማኅበር አመራር ከቂርቆስ ተነስቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ካዛንቺስ ሲያቀና፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አናታቸው እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ የተቆረጠ ዛፎች ያጋጥሙታል። ቡና አምራች ከሆነ «ጎንድለውታል» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ጉንደላ አይደለም። የዛሬው ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተሜውም ገበሬውም ዛፍን የለመደው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ከሥሩ ይቆረጣል፣ ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ለአጣና ይደርሳል። ቡናም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያረጀ ቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይጎነደላል። ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች ተመርጠው ሌሎቹ ይወገዳሉ። ለሁለት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ምርት አይገኝም። ገበሬው ጉንደላን የሚፈራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ስለሆነ ማሳው በየዓመቱ በከፊል እንዲጎነደል ይመከራል። በሁለቱም ዘንድ አዲሱ ቀንበጥ የሚነሳው ከመሬት ተጠግቶ ነው። ነቅሎ የሚወድቅበት ከፍታ የለውም።

የመንገድ ዳር ዛፍ ላይ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ከሰው ራስ በላይ፣ ብዙ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጭን የሚያህሉ ቅርንጫፎች ከመካከላቸው ይቆረጣሉ። ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጅበትን ቅጠል በአንድ ቀን ያጣል። ያጠራቀመውን አውጥቶም ከቁርጡ ዙሪያ የቀንበጥ መዓት ያበቅላል፤ ጃካራንዳ በተለይ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ወደ ላይ በመስደድ የታወቀ ነው። አላፊ አግዳሚው «ዛፉ አገገመ» ይላል። በተፈጥሮ የበቀለ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ዓመት በዓመት እየተደራረበ ሲያያዝ፣ ይህ ቀንበጥ ግን የተያዘው ከላይ ከላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ እንጨት ነው። ቁርጡ በበኩሉ ውሃ እየገባው ይበሰብሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀንበጡ ወፍሮ ሽቦውን መልሶ ይነካል፤ የተንጠለጠለው ግን በበሰበሰ ጉቶ ላይ ነው። በሐምሌ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ከሥሩ የሚጠለሉት ሊስትሮው፣ ታክሲ ጠባቂውና በቆሎ ጠባሿ ናቸው።

አናት መቁረጥን የሚደግፉ ወገኖችም ምክንያት አላቸው። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ መብራት ያጠፋል፣ አደጋም ያስከትላል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ሙያም አይጠይቅም። በአውሮፓ ከተሞችም ዛፍ እስከ ጉልበቱ ተቆርጦ እንደሚታይ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሥራው የሚጀመረው ዛፉ ገና ወጣት ሳለ ሲሆን፣ በየጥቂት ዓመቱ ያለማቋረጥ በዚያው እብጠት ላይ ይደገማል። አንድ ጊዜ ቆርጦ ለአሥር ዓመት መርሳት ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ርካሽ ነው የሚባለውም ሁለተኛውና ሦስተኛው ቆረጣ ስለማይቆጠር ነው።

አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሻይጎ በርካታ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቆ እንዳሳየው፣ ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ቆዳ አይጠግንም፤ የተጎዳውን ክፍል ከደኅናው አጥሮ ይለየዋል። አጥሩን በሚገባ የሚሠራው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ባለው እብጠት፣ በአንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ገረዛ ማለት አንገቱን ሳይነኩ ከእሱ አለፍ ብሎ መቁረጥ ነው። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨትም፣ ረጅም ጉቶ መተውም ያበሰብሳል። ከባድ ቅርንጫፍ ከሆነ በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከታች በኩል ይጫራል፣ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ የቀረው ጉቶ በመጨረሻ አንገቱ ዘንድ ይነሳል። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ገሽልጦ ይሄዳል። ቁመት መቀነስ ግድ ሲሆንም የሚቆረጠው ወደ ጎን እስከሚሄድ ሌላ ቅርንጫፍ ድረስ ነው፤ ውፍረቱም ቢያንስ የሚነሳውን አንድ ሦስተኛ መሆን አለበት። በአንድ ወቅት ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አይነሳም። ቁስሉን ቀለም መቀባት ብስበሳን አይከላከልም፤ የቀለሙ ገንዘብ ለመጋዝ ቢውል ይሻላል።

ጉዳዩ የከተማ ብቻ አይደለም። በቡና ማሳ ውስጥ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው ጥላው ሲበዛ አናቱ በገጀራ የሚመታበት ጊዜ አለ። የበሰበሰው ቅርንጫፍ ሲወድቅ የሚሰብረው ከሥሩ ያለውን፣ ለፍሬ ለመድረስ ዓመታት የፈጀውን ቡና ነው። ጥላን ለማሳሳት ከላይ ከመምታት ይልቅ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ከአንገታቸው መመልመል ይበቃል። ገጀራውም ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ቢለበለብ መልካም ነው፤ ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በመሣሪያ ቁስል በኩል ይተላለፋልና።

ወደ ካዛንቺስ ስንመለስ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ስሙን ያገኘው ይህ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት በሰፊው ፈርሷል። በአዲሶቹ መንገዶች ዳር የተተከሉት ዛፎች ገና ቀጫጭን ናቸው። ሁለት አናት ያወጣውን አንዱን ማስቀረት፣ የተጣበቁትን ቅርንጫፎች ማራራቅ ዛሬ በእጅ መቀስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አሥር ዓመት ከቆየ መሰላል፣ መጋዝና መንገድ መዝጋት ይጠይቃል።